«ይህ ልጅ ይጨርሳል ወይ?»፦ በዝቅተኛ ውጤት ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ስለመግባት የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የዛሬውን ርዕስ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የድሮ ትራንስክሪፕቴን ከመሳቢያ ግርጌ ፈልጌ ማውጣት ነበር። ይኸው ይዤው መጥቻለሁ። ከኋላ ያላችሁ ስለማይታያችሁ እኔው ላንብብላችሁ፦ አናቶሚ ሲ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ ሲ፣ አጠቃላይ አማካይ ከ4.0 2.4። ለነርሲንግ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለከትሁት ይህንኑ ወረቀት ይዤ ሲሆን፣ የተሰጠኝ ምላሽም ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ዛሬ ነርስ ነኝ፤ የነርሲንግ ተማሪዎችን አስተምራለሁ፤ ለተወሰኑ ዓመታት ደግሞ አመልካቾችን በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ የሌሎችን ትራንስክሪፕት ሳገላብጥ ቆይቻለሁ። በሩን ማንኳኳትም፣ ከውስጥ ሆኖ መክፈትና መዝጋትም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ማለት ነው።

ዛሬ አራት ነጥቦችን አነሣለሁ፤ ሁለቱን ዘለግ አድርጌ፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ። ከዚያ በፊት ግን ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠልበትን አንድ ነገር ላስቀድም። በኮሚቴው ክፍል ውስጥ አንድ ማመልከቻ ሲገለጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ምን ይመስላችኋል? «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው ወይ?» የሚል ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። እኔ በተቀመጥሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ ግን «ይህ ልጅ ይጨርሳል ወይ?» የሚል ነው።

ለምን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ሲኖሩ፣ ወደ 5.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ደግሞ ይጎድሉ ነበር። ይህን ያህል ጉድለት ካለ ትምህርት ቤቶች ለምን ያመለከተውን ሁሉ አይቀበሉም? ምክንያቱም ነርስ በክፍል ውስጥ ብቻ አይሠለጥንም። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለጠቅላላ ነርስ ሥልጠና ቢያንስ 4,600 ሰዓት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በሕሙማን ዘንድ የሚሰጥ የተግባር ትምህርት እንዲሆን ያዛል። በአንድ ዋርድ ውስጥ ደግሞ አንዲት አስተማሪ ዓይኗን ሳትነቅል ልትከታተላቸው የምትችላቸው ተማሪዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። አንድ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት አቋርጦ ሲወጣ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል፤ በመካከል ሌላ ሰው አምጥቶ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ኮሚቴው ዝቅተኛ አማካይ ሲያይ የሚፈራው ይህን ባዶ ወንበር ነው። እናንተ የምታቀርቡት እያንዳንዱ ወረቀት ለዚህ ፍርሃት መልስ መስጠት አለበት።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ እርሱም ሂሳብ ነው። አማካይ ውጤቱን በገዛ እጁ አስልቶ የሚያውቅ እስኪ እጁን ያንሣ። ጥቂት ናችሁ፤ እንደጠበቅሁትም ነው። የብዙዎቻችሁ ተስፋ «ከእንግዲህ ጠንክሬ አጠናለሁ፣ አማካዬም ከፍ ይላል» የሚል ነው። ይህን ተስፋ አብረን እናስላው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ሆኖ በትምህርቱ ክሬዲት፣ ማለትም በክብደቱ፣ ይባዛል፤ ስለዚህ 60 ክሬዲት በ2.4 የጨረሰ ተማሪ በእጁ ያለው 144 ነጥብ ነው። ይህ ተማሪ የሚቀጥሉትን 30 ክሬዲቶች አንዲት ሳትጎድል በሙሉ ኤ ቢያመጣ 120 ነጥብ ይጨምራል። 264 ለ90 ሲካፈል ስንት ነው? 2.93። አንድ ሙሉ ዓመት፣ ሁሉም ኤ፣ አሁንም 3.0 አልሞላም! እኔ ይህን ሂሳብ በሠራሁበት ምሽት እርሳሱን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ መኝታዬ ነው የሄድሁት።

ታዲያ ተስፋ ቁረጡ ማለቴ ነውን? አይደለም፤ ሌላ አማካይ ፈልጉ ማለቴ ነው። ብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከአጠቃላዩ አማካይ ሌላ ነርሲንግ ከመግባት በፊት የሚወሰዱትን የቅድመ ሁኔታ ትምህርቶች፣ በተለይም የሳይንሶቹን አማካይ ለብቻው ያሰላሉ። እያንዳንዳቸው 4 ክሬዲት የሆኑ አራት ትምህርቶች እንውሰድ፦ አናቶሚ ሲ፣ ፊዚዮሎጂ ቢ፣ ማይክሮባዮሎጂ ቢ፣ ኬሚስትሪ ሲ። አማካያቸው 2.5 ነው። አሁን ሲ ያገኛችሁባቸውን ሁለቱን ብቻ ደግማችሁ ኤ ብታመጡ፣ ትምህርት ቤቱም አዲሱን ውጤት በአሮጌው ቦታ የሚተካ ቢሆን፣ የሳይንሱ አማካይ 3.5 ይሆናል። በስምንት ክሬዲት አንድ ሙሉ ነጥብ አደገ። በዚያው ጊዜ አጠቃላዩ አማካይ ከ2.4 ወደ 2.67 ብቻ ነው የሚንፏቀቀው። ድካሙ ያው ነው፤ የሚታየው ለውጥ ግን እጅግ ይለያያል።

ነገር ግን «ቢሆን» ያልኋትን ቃል ልብ በሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤት አዲሱን ውጤት ይተካል፤ አንዳንዱ አሮጌውንና አዲሱን አብሮ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ብቻ ያያል፤ አንዳንዱ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት የተወሰደን ሳይንስ አይቀበልም፤ አንዱን ትምህርት ከሁለት ጊዜ በላይ የወሰደን አመልካች ጭራሽ የማያይም አለ። ይህ ሁሉ በመግቢያ መመሪያቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። አራት ትምህርት ቤቶች መርጣችሁ አንዱን ትራንስክሪፕት በአራቱም ደንብ ብታሰሉት አራት የተለያዩ ሰዎች ሆናችሁ ትወጣላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ያመለከትሁት የእኔን ዓይነት ትራንስክሪፕት ክፉኛ በሚቀጣው ትምህርት ቤት እንደነበር የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መመሪያውን አላነበብሁትም ነበር፤ ስሙ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው የሰማሁት።

መድገም ካልን ደግሞ እንዴት እንደሚደገም መነጋገር አለብን፤ ምክንያቱም ያንኑ ትምህርት በዚያው አጠናን የሚደግም ሰው ያንኑ ሲ ነው የሚያመጣው። እኔ አናቶሚን በመጀመሪያ ስወስድ መጽሐፌ በቢጫና በሮዝ ቀለም ተሰምሮ ያጌጠ ነበር። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ ሳነበውም ሁሉም ይገባኝ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ አንድ በዕድሜ የምትበልጠኝ የክፍል ጓደኛዬ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችና ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። «የደሙን ጉዞ ሣልልኝ» አለችኝ። ጀመርሁ፦ ከሰውነት የተመለሰው ደም ወደ ልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ታችኛው ቀኝ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ የሚወስደው ደም ቅዳ። እዚህ ላይ ስደርስ ደም ቅዳውን በቀይ እርሳስ ቀባሁት። «ለምን ቀይ?» አለችኝ። ደም ቅዳ ሁሉ ኦክስጅን የሞላበትን ደም ይሸከማል ብዬ አምን ስለነበር ነው። የሳንባው ደም ቅዳ ግን ኦክስጅኑን አራግፎ የመጣውን ደም ነው የሚሸከመው። መጽሐፉን ስንት ጊዜ ባነብም ያላየሁትን ስህተት በባዶ ወረቀት ላይ በመጀመሪያው ምሽት አየሁት።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ራሳቸውን የፈተኑትን አወዳድረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ፈተና የሚመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው ወይስ ከሳምንት በኋላ? ቀለሙን አስቀምጡት፤ ባዶውን ወረቀት አንሡ።

ሁለተኛው ነጥቤ በሕሙማን አጠገብ ስለመሥራት ነው። ዝቅተኛ አማካይ ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል ምስክር አላውቅም። ረዳት ሆኖ መቀጠር፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ማገልገል፣ በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ መሥራት፣ የተገኘው ሁሉ ይቆጠራል። ሰዓቱን የሚቆጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ነገር ግን ከሰዓቱ በላይ የሚናገረው በዚያ ሰዓት ውስጥ ያያችሁት ነገር ነው።

ከእኔ ሕይወት አንዱን ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ በአረጋውያን መንከባከቢያ በረዳትነት ተቀጠርሁ። ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላት፣ አንሶላ መቀየርና ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉትን በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ማዞር ነበር። አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ አንዲት ጠይም አሮጊት እናት ሳዞር እግራቸውን በእጄ ደግፌ ስይዝ የግራ ተረከዛቸው ከቀኙ ይልቅ የሞቀ መሰለኝ። መብራቱን አበራሁ። ምንም አይታይም፤ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ስለሆነ መቅላት ቢኖርም በዓይን አይለይም። ሁለቱን ተረከዞች በሁለት አውራ ጣቶቼ እኩል ተጫንኋቸው። ቀኙ ለስላሳ ነው፤ ግራው ጠጠር ያለ፣ ደግሞም ትኩስ ነው። እርሳቸውም እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሌሊቱን ተረኛ የነበረችውን ነርስ ጠራኋት። ዳሰሰችው፤ ከእግራቸው በታች ትራስ አድርጋ ተረከዛቸው ከአልጋው እንዲነሣ አደረገችና በመዝገቡ ላይ ጻፈች። ያ የአልጋ ቁስል ጅማሬው ነበር፤ ቆዳው ገና አልተከፈተም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቃቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ታሪክ ጀግንነት የለበትም። ማንንም ከሞት አላዳንሁም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በቃለ መጠይቅ «ስለ አንድ ሕመምተኛ ንገረን» ሲሉኝ የተናገርሁት ይህንኑ ነበር፤ ከጠያቂዎቹ አንዷም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «በየትኛው ጣትህ ነበር የዳሰስኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያች ቅጽበት ስለ ትራንስክሪፕቴ ማንም እያሰበ አልነበረም። ይህ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነርስነት የማይሆንላችሁ ከሆነ ቀድሞ ይነግራችኋል። ሽታውን፣ የሌሊቱን ርዝመት፣ የሰውን ምሬት ያልቻለ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያውቀዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ከማወቅም እጅግ ይሻላል።

ሦስተኛው ነጥብ ደብዳቤውና ቃለ መጠይቁ ናቸው። በደብዳቤያችሁ ውስጥ ስለ ዝቅተኛው ውጤታችሁ ጻፉ። ኮሚቴው አይቶታል፤ እናንተ ዝም ስትሉ ምክንያቱን እርሱ ራሱ ይፈጥርላችኋል። ነገር ግን አጭር ይሁን፦ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተለወጠ፣ መለወጡም በየትኛው ውጤት እንደሚታይ። «በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት እየሠራሁ 18 ክሬዲት ወስጄ ነበር፤ ሥራዬን ቀንሼ አናቶሚንና ኬሚስትሪን ደግሜ በሁለቱም ኤ አግኝቻለሁ» የሚል አመልካች ሊል የሚገባውን ሁሉ ብሏል። ሁለት ሙሉ ገጽ በኀዘን የሚሞላ፣ ወይም ጥፋቱን ሁሉ በመምህራኑ ላይ የሚያላክክ ደብዳቤ ግን ለዚያ ለባዶው ወንበር ፍርሃት ጨው ይጨምርበታል። እባካችሁ ደግሞ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወድ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። በአንድ ቀን ከሰዓት ብቻ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። «ሐኪም መሆን ካቃተህ ነርስ ሁን» ብላችሁ ልጆቻችሁን አትላኩብን። ነርስነት ሌላ ሙያ ነው እንጂ የሕክምና ትርፍራፊ አይደለም፤ እንዲህ የሚያስብ አመልካችም በቃለ መጠይቁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ፣ ትልቅ ማዕረግ ካለው ከማያውቃችሁ ሰው ይልቅ የሌሊቱን ሥራችሁን ያየች ነርስ ትጻፍላችሁ። የቃለ መጠይቁ መልክ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ተጀምሮ ወደ ነርሲንግም የተስፋፋው አሠራር አመልካቹን በአንድ ጠረጴዛ ፊት ከማስቀመጥ ይልቅ ከክፍል ወደ ክፍል እያዘዋወረ በየክፍሉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ነው። በአንዱ ክፍል የደነገጠ ሰው በሚቀጥለው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ይህ ለእኛ ለዝቅተኛ ውጤት ሰዎች ደግ አሠራር ነው።

የመግቢያ ፈተና የሚጠይቁም አሉ። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ቲዝ የተባለው ፈተና ንባብ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛን በ170 ጥያቄዎች፣ በ209 ደቂቃ ይለካል። አማካይ ውጤት ያለፈ ታሪክ ነው፤ ይህ ፈተና ግን ከዛሬ ጀምራችሁ ልትዘጋጁለት የምትችሉት አዲስ ቁጥር ስለሆነ አትናቁት። ከሂሳቡ ዓይነት አንዱን ላሳያችሁ። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል፤ ቱቦው አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ ያወርዳል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሁን? 1,000 በ20 ሲባዛ 20,000፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል ወደ 42 ጠብታ። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳይቀይር በ8 ያካፈለ 2,500 ያገኛል። 2,500 ብለው የጻፉ ተማሪዎች አይቻለሁ። ማካፈሉን ሳይሳሳቱ ነው ያካፈሉት፤ ነገር ግን በደቂቃ 2,500 ጠብታ የሚያወርድ ቱቦ በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ ቆም ብለው ራሳቸውን አልጠየቁም።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ ላንሣ፤ ሌሎች በሮች አሉ። በብዙ አገሮች አጠር ያለ ሥልጠና ወስዶ፣ እየሠሩ፣ በኋላ ወደ ሙሉ ነርስነት መሸጋገር ይቻላል። በአሜሪካ የሁለት ዓመቱንም ሆነ የአራት ዓመቱን የነርስነት ትምህርት የጨረሱ ሰዎች የሚፈተኑት አንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በረዳትና በነርስ መካከል ያለ፣ የራሱ ምዝገባ ያለው ደረጃ ተፈጥሯል። መንገዱ ይረዝማል፤ ይሁን እንጂ በመንገዱ ላይ ደመወዝ እየተከፈላችሁ ነው የምትሄዱት።

የሐሰት በሮችም አሉ፤ የሚከፈቱትም በተለይ እንደ እኛ በሩ ለተዘጋባቸው ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት በፍሎሪዳ ከነበሩ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማዎች ተሸጠዋል በማለት 25 ሰዎችን መክሰሱን አስታውቋል። «ውጤት አንጠይቅም፣ ቶሎ ትጨርሳላችሁ» የሚላችሁን ትምህርት ቤት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የነርሶች ምዝገባን የሚቆጣጠረው አካል ያውቃችኋል ወይ? ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ ይጨርሳል? ከጨረሱት ስንቱ የፈቃድ ፈተናውን ያልፋል? መልሱንም ከእነርሱ አፍ ብቻ አትቀበሉ፤ ከተቆጣጣሪው አካል ዘንድ አረጋግጡ።

ከመጨረሴ በፊት፣ ስገባ በወረቀት የደረሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እርስዎ በስንተኛው ጊዜ ገቡ?» በሦስተኛው ነው። በሦስተኛውም ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ የተነገረኝ «ተቀብለንሃል» የሚል ቃል አልነበረም፤ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ነበርሁ። ትምህርት ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ስልክ ተደወለ። አንድ ሰው ቀርቷል፤ ወንበሩ አለ። የደወለችው የቢሮ ሠራተኛ የጠየቀችኝ ስለ ፍላጎቴም ስለ ራእዬም አልነበረም። «የክትባት ካርድህ የተሟላ ነው?» ነው ያለችኝ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ ያለ እርሱ ወደ ዋርድ መግባት ስለማይፈቀድ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሚያሟላው ሰው የለም። እኔ ግን በረዳትነት ስቀጠር ሦስቱንም ወስጄ ነበር። ካርዱን በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ አስረከብሁ። ከእኔ በላይ ተጠባባቂ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተደውሎላቸው ካርድ እንዳልነበራቸው የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክትባት ያልወሰዳችሁ በዚህ ሳምንት ውሰዱ። አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። በመጀመሪያ ከኋላ በኩል፣ እጅሽን ካነሣሽ የቆየሽው ልጅ።